እጅ የምትነሳው ሞተር

አቶ ንጋቱ አራጋው በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤታቸው ወጥተው ሐረጎ ዳገት ሦስተኛው ኩርባ ላይ ይቆማሉ። አውቶብስ አይጠብቁም፤ አውቶብስ እዚያ መቆም ከተወ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከቢጫው መስመር አንድ እርምጃ ገባ ብለው አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን ይቆማሉ። የመንገዱ ካሜራ በቀን ሦስት ጊዜ «እባክዎ ይራቁ» ይላቸዋል። እሳቸውም በቀን ሦስት ጊዜ «እሺ የኔ ጌታ» ይሉትና ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከካሜራው መዝገብ ነው። እሳቸው ዘንድ የሄድኩት የካቲት 11 ቀን 2064 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሄድኩትም ላስፈርማቸው ነው።

ስሜ ሐመልማል ነው። ኮምቦልቻ ባለው የሞተር ፋብሪካ የአነዳድ መርማሪ ነኝ። ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ስለሚያበሳጨኝ ባጭሩ ልናገር። አንዲት ሞተር ከፋብሪካ ከመውጣቷ በፊት እንዴት እንደምትታጠፍ፣ ፍሬን እንዴት እንደምትይዝ፣ የት እንደምትፈራና የት እንደምትደፍር አይቼ የምፈርመው እኔ ነኝ። በዚህ ዘመን ሞተር የሚነዳ ሰው የለም፤ ያለው የሚቀመጥ ሰው ነው። መሪውን ይይዛል፣ ነፋሱ ፊቱን ይመታዋል፣ ከዚያ ነዳሁ ይላል። ይበል። ኩርባ ላይ አርባ አምስት ዲግሪ ተኝተው ሳምቡሳ የሚበሉ አይቻለሁ፤ ቅንድባቸውን የሚኳሉም አሉ። ሞተሯን የሚነዳት እጁን ያወረሳት፣ አነዳዱ ተቀድቶ የተጫነባት ሌላ ሰው ነው። እነዚህን ሰዎች እጅ አውራሽ እንላቸዋለን። የተርብ እጅ አውራሽ ይትባረክ ንጋቱ ነበር፤ የአቶ ንጋቱ ልጅ።

መጀመሪያ ስለ ተርብ ልናገር፤ ያለሷ ይትባረክን ማንም አይረዳውም። መካከለኛ ሞተር ናት፤ መቶ ሃምሳ ስምንት ኪሎ፣ አርባ ስምንት የፈረስ ጉልበት። ልብስ የላትም። ጎኗን የሚሸፍን ፕላስቲክ፣ ፊቷን የሚከልል መስታወት የሚባል ነገር የለባትም፤ ሻንሲዋ፣ ሞላዋ፣ ባትሪዋን ያቀፈው ብረት ሁሉ እንደተገተረ ይታያል። የነደፏት ኢንጂነር ጽጌ «ስትወድቅ የሚሰበር ነገር አይኑራት፤ አንስቶ አቧራዋን አራግፎ የሚሄድባት ትሁን» ብለው ነው። መሪዋ ሰፊ፣ ጭራዋ አጭር፣ መብራቷ አንድ ክብ ዓይን። ከቆመችበት ተነስታ መቶ ኪሎ ሜትር ለመግባት አራት ሰከንድ ተኩል ይበቃታል። ይኼ ግን ምንም አይደለም፤ ከሷ የሚፈጥኑ ሞልተዋል። ተርብን ተርብ ያደረጋት ኩርባ ነው። ሌሎቹ ሞተሮች ኩርባ ሲደርሱ የሚያመነቱ ነው የሚመስሉት። ይትባረክ ግን ፍሬኑን ቀደም ብሎ ይይዝና የፊት ሞላው እንደተጫነ ቀስ እያለ እየለቀቀ ይገባል፤ ልክ የኩርባው ሆድ ላይ ሲደርስ ጋዙን ይከፍታል፤ ሞተሯ ያኔ ራሷ ትነሳለች። አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ሐረጎን እየወጣ እየወረደ ያስተማራት ይህን ነው። እኔ በሙያዬ እንደሱ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም።

ሰውየው ግን ያበሳጭ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሳይጠየቅ የሰው ሳህን ላይ እጁን ይሰዳል። በሙከራ ቀን ሰዓቱን ካሻሻለ ቀኑን ሙሉ ያፏጫል። ጨዋነቱ ደግሞ ልክ አልነበረውም። ሽማግሌ ካየ ይነሳል። ካፌ ውስጥ ይነሳል፣ ስብሰባ መሃል ይነሳል፣ ሞተር ላይ ተቀምጦም ይነሳል። መንገድ ዳር አንድ አዛውንት ካየ ጋዙን ይቀንሳል፣ ከኮርቻው ብድግ ይላል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። የማያውቃቸውን ሽማግሌ፣ በሰባ ኪሎ ሜትር ፍጥነት።

«አንተ ሰው፣ ጤና የለህም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ታዲያ ተቀምጬ ልለፋቸው?» አለኝ፤ የምሩን ነው የገረመው።

ተርብም ተማረች። መጀመሪያ ያየነው በ2057 ዓ.ም. ነው፤ የፋብሪካው ሜዳ ላይ ሰው ሳይቀመጥባት፣ አሸዋ የሞላ ጆንያ አስረንባት ስንሞክራት። አትክልተኛው አባ ወልዴ በአጥሩ ጥግ የውሃ ጎማ እየጎተቱ ብቅ አሉ። ሞተሯ ጋዝ ቀነሰች፣ የፊት ሞላዋ ጎንበስ አለ፣ ቀና ብላ አለፈች። አባ ወልዴ ጎማውን ጣል አድርገው ባርኔጣቸውን አወለቁላት። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ነበርን፤ አንዷ «እጅ ነሳቻቸው እኮ! ኧረ ወየው!» ብላ ጮኸች። እስኪያመን ሳቅን። ወዲያው ፊቴ ያለው ሰሌዳ ጥያቄ አወጣ፦ «ምክንያቱ ያልታወቀ የፍጥነት መቀነስ። ስህተት ነው?»

ሽማግሌ ማክበርን እንዴት ብዬ ነው ስህተት የምለው? ስድስታችንም እናት አባት ቀጥቶ ያሳደገን ነን። ጣቴን ዘርግቼ «አይደለም» የሚለውን ነካሁ። ኢንጂነር ጽጌ ትከሻዬን መታ አድርገው «ጎሽ» አሉኝ። ሌላ አገር የተሠራ ሞተር ቢሆን ኖሮ ይህ ልማድ ያኔውኑ ይቆረጥ ነበር። እኛ ግን ኮራንበት።

ይትባረክ በ2059 ዓ.ም. ሞተ። መንገድ አልገደለውም። ጉበቱን ታመመ፣ በአሥራ አንድ ቀን አለቀ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። እናቱ ቀድመውታል፤ ወንድም እህት የለውም፤ ከአባቱ በቀር ማንም አልነበረውም።

ለቅሶው ላይ የፋብሪካው ሰው ሁሉ በተርብ ነው የሄደው። ድንኳኑ የተተከለው መንገዱ አፍ ላይ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት ተደርድረዋል። የመጀመሪያዋ ተርብ ድንኳኑ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋም። አቶ ንጋቱ ከተቀመጡበት ተነሱና «ይትባረክ!» ብለው ተጣሩ። ሰዉ ሐዘን ያሳበዳቸው መስሎት ይዞ አስቀመጣቸው። ያልተሳሳቱ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ያኔ «ስህተት ነው» ብዬ መልሴን ማስተካከል እችል ነበር። ምን ብዬ? አንገቴን ደፍቼ ንፍሮዬን በላሁ። በሳምንቱ ሦስተኛው ኩርባ ላይ መቆም ጀመሩ።

እስከዚያ ድረስ ነገሩ ማንንም አልጎዳም። ከሁለት ዓመት በፊት ግን የመንገዱ ደንብ ተለወጠ። ጭነት መኪኖቹ ሾፌር የላቸውም፤ ከፊታቸው ካለው ሦስት ሜትር ብቻ ርቀው ነው የሚሮጡት፤ በመንገዱ ላይ ያለ ምክንያት የሚቀንስ የለም ተብሎ ተደንግጓልና። ምክንያቶቹ በቁጥር ተዘርዝረዋል፤ አርባ ሦስት ናቸው። እንስሳ አለበት፣ ጎርፍ አለበት፣ የወደቀ ድንጋይ አለበት። ሽማግሌ የለበትም።

ሞጆ ላይ አንድ ሰው ዳሌው ተሰበረ። ሻሸመኔ ላይ አንዷ እግሯን አጣች። ሁለቱም ጊዜ ሪፖርቱ ላይ «የመንገድ ሁኔታ» ተብሎ ተጻፈ፤ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፣ ግን አንብቤ ዝም ብያለሁ። ጥር 20 ቀን አዳማ ላይ ኤልዳና የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በተርብ ወደ ሥራ ስትሄድ መንገድ ዳር አንዲት አሮጊት ቆመው ነበር። ተርብ እጅ ነሳች። ከኋላዋ ጭነት መኪና ነበር። ልጅቷ እዚያው ሞተች። አሮጊቷ ለፖሊስ የሰጡትን ቃል አንብቤዋለሁ። «ጎንበስ ብላልኝ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነበረች» ይላል።

እንግዲህ የይትባረክ እጅ ከስልሳ ሺህ ተርቦች ላይ መሰረዝ ነበረበት። ሕጉ ደግሞ የሟች እጅ ውርስ ነው ይላል፤ ወራሹ ካልፈረመ አይነካም። አለቃዬ «አንቺ ታውቂያቸዋለሽ» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ።

በተርብ ነው የወጣሁት። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስደርስ ጋዙ ከእጄ ሥር ላላ አለ፣ ኮርቻው ወደ ላይ ገፋ አደረገኝ፣ ሞተሯ ጎንበስ ቀና አለች። ጠርዝ ይዤ አቆምኩና ሄልሜቴን አወለቅሁ።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ንጋቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«ሐመልማል ነኝ፤ ከይትባረክ ጋር እሠራ የነበርኩት።»

«ውይ በሞትኩት! ያቺ ጨቅጫቃዋ!» ብለው አቀፉኝ። «ሁልጊዜ ያነሳሽ ነበር። ቀስ በል እያለች ነፍሴን ታወጣዋለች ይለኝ ነበር።»

መልስ ሳልሰጥ አንዲት ተርብ ከታች ድምፅ ሳታሰማ ብቅ አለች። የተቀመጠባት ወጣት ከአንድ ሰው ጋር እያወራ ይስቃል። ሞተሯ አቶ ንጋቱ ፊት ስትደርስ ጎንበስ አለች፤ ወጣቱ ልብም አላለው። እሳቸው ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ምንም አላሉም። ኩርባውን እስክትጨርስ ድረስ በዓይናቸው ሸኟት።

«አየሽው?» አሉኝ።

«አየሁት።»

«ከሥራ ሲመለስ በዚህ ሰዓት ነበር የሚያልፈው። ለኔ ሲሆን ደግሞ ከሌላው ሰው ዝቅ ይላል። አሁንም ልብ ብለሽ ካየሽው ዝቅ ይላል።»

ዝቅ አይልም። ለአባ ወልዴም፣ ለአዳማዋ አሮጊትም፣ ለሳቸውም እኩል ነው፤ ስድስት ሴንቲ ሜትር። መዝገቡን እኔ ነኝ የያዝኩት። አልነገርኳቸውም።

«ጋሼ፣ ለደህና ነገር አይደለም የመጣሁት።»

«ለደህና ነገርማ ከፋብሪካ ማን ይመጣል» አሉ። «ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ሞጆን፣ ሻሸመኔን፣ አዳማን። ስጨርስ ከዘራቸውን አስፋልቱ ላይ መቱት።

«ሽማግሌ የማያከብር መንገድ ሠርታችሁ ልጄን ጥፋተኛ ታደርጋላችሁ?»

«እውነትዎን ነው።»

«እውነቴን ከሆነ መንገዱን አስተካክሉዋ! የሞተ ልጅ ነው ያገኛችሁት?»

«በመንገዱ የማዘው እኔ አይደለሁም ጋሼ። ብለምን ብለምን ሽማግሌ ምክንያት አይሆንም አሉኝ።»

«እሺ፣ እጅ መንሳቱን ብቻ ቁረጡት። ሌላው ይቅርልኝ። አያያዙ፣ ኩርባው...»

«አይቻልም። ወጥ ውስጥ የገባ ጨው ማለት ነው። ከወጣ ሁሉም ነው የሚወጣው።»

ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። ሁለት ጭነቶች ተከታትለው አለፉ፤ ነፋሳቸው ጋቢያቸውን አነሳው። ያኔ ነው ከራሴ ስደብቀው የኖርኩትን የተናገርኩት።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያኔ መሣሪያው ስህተት ነው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አይደለም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዘወር ብለው አዩኝ። «ታዲያ ነው ልትዪ ኖሯል?» ብለው ተቆጡ። «የሱን እጅ መንሳት ስህተት ነው ብለሽ ልትጽፊ ኖሯል? ወይ አንቺ ልጅ!» ቀጥለው ግን ድምፃቸው ወረደ። «አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አየሁት። ማን ይሄን ያገኛል?»

የሄልሜቴን ማሰሪያ በጣቴ አፍተለተልኩ።

«ልጅቷ አባት አላት?» አሉ።

«አላት።»

«ምን ይሠራል?»

«አላውቅም።»

«አታውቂም! ልታስፈርሚኝ መጥተሽ አታውቂም!» ተንጠራርተው ቁልቁል አዩ፤ አዳማ ከሐረጎ የሚታይ ይመስል። «እኔስ ይኸው የምቆምበት አለኝ። ያ ሰውዬ አሁን የት ሄዶ ነው የሚቆመው?»

አቶ ንጋቱ አውራ ጣታቸውን ዘረጉልኝ። ሰሌዳውን አወጣሁ፣ ጣታቸውን አስቀመጡበት፣ ሰሌዳው «ለመተባበርዎ እናመሰግናለን፤ ነገ ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ጀምሮ ተፈጻሚ ይሆናል» አለ። በሴት ድምፅ ነው የሚናገረው፤ ደስ ደስ የሚል ድምፅ። ሰብሬው ብመለስ ደስ ባለኝ።

«ነገ ከአሥር በፊት አንቺ አምጪልኝ» አሉኝ። «የማላውቀው ሰው ይዞት አይምጣ።»

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። ኮምቦልቻን ስወጣ እጄን ከመሪው ላይ አነሳሁና ጉልበቴ ላይ አደረግሁት፤ እሱ እንዲነዳኝ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬኑን ቀደም ብሎ ያዘ፣ ቀስ እያለ ለቀቀ፣ ሆዱ ላይ ጋዙን ከፈተ። ሁለተኛው ላይም። ከሥሬ ያለው ብረት ነው፤ ይሄን እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል? ግን ሁለተኛውን ኩርባ ስንጨርስ «ቀስ በል» አልኩት፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ እንደ ድሮው። አልቀነሰም፤ ድሮም ሰምቶኝ አያውቅም። ሄልሜቴ ውስጥ አለቀስኩ።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ አቶ ንጋቱ ኮት ለብሰው፣ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ቆመዋል። ከአሥር ሰዓት አራት ደቂቃ ይቀራል። ጋዙ ላላ አለ፣ ኮርቻው ከፍ አደረገኝ፣ ሞተሯ ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ አቶ ንጋቱ መዳፋቸውን ወደ መሬት ዘርግተው ዝቅ ዝቅ እያደረጉ ጮኹ።

«በእግዜር! በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጥ! በቃህ ተቀመጥ!»

አምስት ዓመት ሙሉ ለአንዷም ተርብ መልስ ሰጥተው አያውቁም ነበር። መዝገቡን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከካሜራው ጋር ከሚነጋገሩት በስተቀር ቃል የላቸውም። ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። መልስ ከተሰጠው፣ የተነሳው ሰው ይቀመጣል።

ሞተሯን አቁሜ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ክንዴን ያዙኝ። አሥር ሰዓት ሆነ፤ ምንም የተለየ ነገር አልተሰማም። ካሜራው «እባክዎ ይራቁ» አለ፤ የዛሬው ሁለተኛ መሆኑ ነው። እሳቸው አልመለሱለትም።

አሥር ከሰባት ላይ አንዲት ቀይ ተርብ ከታች መጣች። አዲሱ እጅ የአሥራ አንድ ሰው ድምር ነው፤ ከየሰዉ ጥሩ ጥሩው ተመርጦ የተሠራ። ወረቀት ላይ ከይትባረክ በሁለት አሥረኛ ሰከንድ ይፈጥናል፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ኩርባው ውስጥ ገባች፣ ተኛች፣ ተነሳች፤ አንድም እንከን አላየሁባትም። አቶ ንጋቱ ፊት ስትደርስ ሳትቀንስ፣ ቀጥ እንዳለች አለፈች።

አቶ ንጋቱ አንገታቸውን አስግገው ከኋላዋ ተመለከቱ።

«ይሄ ማን ነው?» አሉኝ።

«ማንም አይደለም ጋሼ።»

«ታዲያ ወዴት ነው እንዲህ የሚጣደፈው?»